ጨረር የማይበግረው የፍል ውሃ ነዋሪ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)



ራጅ ተነስታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ደረታችሁን ከቀዝቃዛው ሰሌዳ ታስጠጋላችሁ፤ ባለሙያው «ትንፋሽዎን ይያዙ» ይላችሁና እሱ ራሱ ሹልክ ብሎ ከግድግዳው ጀርባ ይገባል። እኔ ልጅ ሳለሁ ይህ ነገር ቅር ይለኝ ነበር። «እኔን እዚህ ገትሮ እሱ ምን ያስደብቀዋል?» እል ነበር። ነገሩ የገባኝ ኋላ ነው። እኔ ራጅ የምነሳው ምናልባት በጥቂት ዓመት አንዴ ነው፤ እሱ ግን ጠዋት ገብቶ ማታ እስኪወጣ ከዚያ መሣሪያ ጋር ነው የሚውለው።

ዛሬ የማጫውታችሁ ከግድግዳ ጀርባ መግባት ስለማያስፈልገው ፍጡር ነው። በዓይን አይታይም፤ ባክቴሪያ ነው። ከዘመዶቹ አንዳንዶቹ ደግሞ ፍል ውሃ ውስጥ ይኖራሉ።

መጀመሪያ ግን አንድ መለኪያ እንያዝ፤ ያለሱ ወሬያችን ተረት ይመስላል። ጨረር ገላችን ውስጥ ጥሎት የሚሄደው ጉልበት የሚለካው በግሬይ ነው። አንድ የደረት ራጅ የግሬይ አሥር ሺህኛ ገደማ ቢሆን ነው። በሌላ አነጋገር 1 ግሬይ ለመሙላት ወደ 10,000 ራጅ ያስፈልጋል። አንድ ሰው መላ አካሉን በአንድ ጊዜ 4 ወይም 5 ግሬይ ቢመታና ሕክምና ባያገኝ፣ የመትረፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። 10 ግሬይ ከደረሰማ ተስፋው እጅግ የመነመነ ነው።

ከኛው አገር አንድ ምሳሌ ልጨምር። አዲስ አበባ፣ ቃሊቲ ውስጥ ዝንብ ይረባል ብላችሁ ታምናላችሁ? የቀንድ ከብትን በገንዲ በሽታ የሚፈጀው የቆላ ዝንብ እዚያ ሆን ተብሎ ይራባል። ወንዶቹ ተለይተው በጋማ ጨረር ይመክናሉ፤ ከዚያ በደቡብ ስምጥ ሸለቆ ሲለቀቁ ቆይተዋል። ሴቷ ከመከነ ወንድ ጋር ከተገናኘች አትወልድም፤ ዘሩም እየሳሳ ይሄዳል። ለዚህ የሚበቃው ጨረር ከ100 ግሬይ ብዙ የራቀ አይደለም። እንግዲህ ሰው 5፣ ዝንብ 100 በሉና ያዙልኝ።

የዛሬው ባለታሪካችን 5,000 ግሬይ ተቀብሎ ምንም እንዳልነካው ይባዛል። 15,000 ላይም ከመካከሉ ከሦስቱ አንዱ ያህል ይተርፋል።

እንዴት እንደተገኘ ልንገራችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ጊዜው 1956 ነው። አሜሪካኖች የአቶምን ጉልበት ለሰላም ሥራ እናውለው ብለው ላይ ታች የሚሉበት ዘመን ነበር። በኦሬገን ግዛት፣ ኮርቫሊስ በምትባል ከተማ ባለ የግብርና ምርምር ጣቢያ፣ አርተር አንደርሰን የተባለ ተመራማሪ በቆርቆሮ የታሸገ ሥጋ በጋማ ጨረር ይመታል። ጨረሩ ውስጡ ያለውን ተሕዋስ ሁሉ ከጨረሰ ሥጋው ያለ ማቀዝቀዣ ብዙ ጊዜ ይቆያል የሚል ሐሳብ ነበረው። የሰጠው መጠን የታወቀውን ሕይወት ሁሉ ያጠፋል ተብሎ የታመነበት ነው። ሥጋው ግን ተበላሸ።

አንደርሰንና ባልደረቦቹ ሥጋውን የጣሉት እንዳይመስላችሁ። ያበላሸውን ፈልገው አራቡት። ወደ ሮዝ የሚያደላ ቀይ ሆኖ በቀለ፤ አራት አራት ሆኖ ይጣበቃል፤ ሽታው እንደበሰበሰ ጎመን ነው። ዛሬ የሚጠራው ዲኖኮከስ ራዲዮዱራንስ በሚል ስም ነው። «ዲኖ» በግሪክ ቋንቋ እንግዳ ወይም አስፈሪ ማለት ነው፤ «ኮከስ» ፍሬ ነው፤ «ራዲዮዱራንስ» ደግሞ ጨረር ቻይ ማለት ነው። ስሙ አስፈሪ ይሁን እንጂ ሰውን አያሳምምም።

አሁን ወደ ፍል ውሃው እንሂድ። ይህ ከቆርቆሮ ሥጋ የተገኘው ባክቴሪያ ሙቀት አይወድም። የሚስማማው 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ 39 ላይ ማደጉን ያቆማል። በ1997 ግን የፖርቱጋል ተመራማሪዎች ሁለት ዘመዶቹን አሳወቁ። የተገኙት ጣሊያን ውስጥ ኔፕልስ አጠገብ ካለው የአኛኖ ፍል ውሃና ከመካከለኛው ፖርቱጋል ፍል ውሃዎች ነው። ከነዚህ አንዱ ሳኦ ፔድሮ ዶ ሱል ይባላል። አኛኖና ሳኦ ፔድሮ እንደኛ ሶደሬና ወንዶ ገነት ናቸው፤ ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ ሰው ሲታጠብባቸው፣ ወገቡንና ጉልበቱን ሲነክርባቸው የኖሩ ናቸው። ስንት ቄሳር አብሮት እንደታጠበ እንጃ። አንደኛው ዘመድ ዲኖኮከስ ጂኦተርማሊስ ተባለ፤ ትርጉሙ የምድር ሙቀት ማለት ነው። የሚመቸው ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ነው፤ እናንተ እጃችሁን ነክራችሁ ብዙ የማትታገሡት ሙቀት። ጨረርን በተመለከተ ደግሞ 10,000 ግሬይ ይችላል።

ብቻውን አይደለም። ጃፓን ውስጥ ከራዲዮአክቲቭ ፍል ውሃ የተገኘ ሩብሮባክተር የሚባል አለ፤ እሱም ቀይ ነው። በ2005 ደግሞ ከአዞረስ ደሴቶች ፍል ውሃ ትሩፔራ የተባለው ተጨመረ። ሙቀት ወዳድነትና ጨረር ቻይነት በአንድ ገላ የተገናኙባቸው ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይመጣል፤ መምጣትም አለበት። እነዚህ ፍጥረታት ይህን ሁሉ ጨረር መቻልን ከየት ለመዱት?

«የጃፓኑ ከራዲዮአክቲቭ ውሃ ነው የተገኘው ብለሃል፤ እዚያው ለምዶት ነዋ» የሚል አድማጭ ይኖራል። ጥሩ ግምት ነው፤ ሒሳቡ ግን አይሞላም። በምድራችን ላይ ሰው ከድንጋይ፣ ከአየርና ከሰማይ የሚያገኘው የተፈጥሮ ጨረር በአማካይ በዓመት ከ2 እስከ 3 ሺህኛ ግሬይ ቢሆን ነው። በዚህ አካሄድ 5,000 ግሬይ ለማጠራቀም ሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስፈልጋል። የባክቴሪያ ዕድሜ ደግሞ የሚቆጠረው በሰዓትና በቀን ነው። ራዲዮአክቲቭ የሆነው ፍል ውሃ ከሌላው ቢበልጥም እዚህ መጠን አጠገብ አይደርስም። ባጭሩ፣ እንዲህ ያለ ጨረር በምድር ላይ በተፈጥሮ የለም። በሌለ ጠላት ላይ ማን ጦር ይሰብቃል?

ግራ ከመጋባታቸው የተነሳ ከማርስ ነው የመጣው ያሉ ተመራማሪዎችም አልጠፉም። እኔ አይዋጥልኝም። የዲኖኮከስ ሙሉ የዘር መረጃ በ1999 ተነብቦ ታትሟል፤ የተጻፈው እንደኛው በምድር ፊደል ነው፤ ዘመዶቹም እዚሁ ያሉ ናቸው። ከቅርብ ዘመዶቹ አንዱን ሳታውቁት ተጠቅማችሁበታል። ቴርመስ ይባላል። በ1966 ቶማስ ብሮክ የተባለ ሳይንቲስትና ተማሪው የሎውስቶን በሚባለው የአሜሪካ ፓርክ ፍል ውሃ ውስጥ አገኙት። ከሱ የተወሰደው ሙቀት የማይፈታው ኢንዛይም ነው ፒሲአር የተባለውን ምርመራ ያስፋፋው። በኮሮና ጊዜ አውሮፕላን ለመሳፈር አፍንጫችሁ ውስጥ ያ ረጅም እንጨት የገባባችሁ ሁሉ፣ የፍል ውሃ ባክቴሪያ ውለታ አለባችሁ።

ቴርመስን ያነሳሁት ግን ለሌላ ነገር ነው። ከዲኖኮከስ ጂኦተርማሊስ የበለጠ ሙቀት ይወዳል፤ 70 ዲግሪ ቤቱ ነው። ጨረር ግን አይችልም። ስለዚህ የምስጢሩ ቁልፍ ሙቀት ብቻ አይደለም ማለት ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ቁልፉን ከጓዳችን እንፈልገው። ቋንጣ ለምን አይበላሽም? ሥጋው ተዘልዝሎ፣ በጨውና በበርበሬ ታሽቶ ገመድ ላይ ይሰጣል፤ ውሃው ይተናል። ባክቴሪያ ያለ ውሃ መኖር ስለማይችል ሥጋው ሳይሸት ይከርማል። ድርቀት ባክቴሪያን የሚጎዳው ግን አስጠምቶት ብቻ አይደለም። ሕዋሱ ሲደርቅ ዲኤንኤው፣ ማለትም የዘር መረጃውን የያዘው ረጅም ክር፣ ይበጣጠሳል። ጨረርም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ዲኤንኤን ይበጣጥሳል። ሁለት የተለያዩ ጠላቶች፣ አንድ ዓይነት ቁስል።

በ1996 ማቲሞርና ባቲስታ የተባሉ የሉዊዚያና ተመራማሪዎች ይህን ፈተኑት። ጨረር የመቻል ኃይላቸውን ያጡ 41 የዲኖኮከስ ዝርያዎችን ያዙና አደረቋቸው። አርባ አንዱም ድርቀትን መቋቋም አቃታቸው። አንድ እንኳ አላፈነገጠም። ስለዚህ ባክቴሪያው የተዘጋጀው ለጨረር ሳይሆን ለድርቀት ነበር፤ ጨረር መቻሉ በዚያው የመጣ ምርቃት ነው። የፍል ውሃ ዳርን አስቡት። ውሃው አንድ ቀን ሞልቶ ይፈሳል፤ በማግስቱ ይሸሻል፤ ድንጋዩ በፀሐይና በእንፋሎት መሐል ይደርቃል፤ ደግሞ ይረጥባል። እዚያ ዳር የሚኖር ተሕዋስ ክሩ በየጊዜው እየተበጠሰ፣ በየጊዜው እየቀጠለ መኖር ግዴታው ነው።

እንዴት ይቀጥላል? እስቲ አንድ የብራና ዳዊት አስቡ። አይጥ ገብታ በጥሳዋለች እንበል፤ ብጥስጣሹ መሬት ላይ ተበትኗል። አንድ ቅጂ ብቻ ካለ ጉዳዩ አለቀ፤ የትኛው ቁራጭ ከየትኛው እንደሚቀጥል አይታወቅም። አራት ቅጂ ቢኖርና አራቱም ቢበጣጠሱስ? አይጧ አራቱንም አንድ ቦታ ላይ አትበጥሳቸውም። የአንዱ ቁራጭ «ብፁዕ» ከሚለው ተነስቶ መስመሩ መሐል ላይ ይቆማል፤ የሌላው ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ ተነስቶ ወደ ታች ይወርዳል። የተደጋገመውን ቃል በቃሉ ላይ እየደረበ የሚያነብ ጥሩ ጸሐፊ ካለ አንድ ሙሉ ዳዊት ያወጣል። ዲኖኮከስ በአንድ ሕዋስ ውስጥ ከ4 እስከ 10 የሚደርስ የዲኤንኤ ቅጂ ይይዛል። ጨረሩ በመቶ የሚቆጠር ቦታ ይበጣጥሰዋል፤ እሱ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጫፍ ከጫፍ እያመሳሰለ ይገጥመዋል። ክሮኤሺያዊው ሚሮስላቭ ራድማንና ባልደረቦቹ ይህን አሠራር በ2006 በዝርዝር አሳይተዋል።

ልብ በሉ፤ ጋሻ የለውም። ጨረሩ እንደሌላው ባክቴሪያ እኩል ነው የሚበጣጥሰው። አንጀታችን ውስጥ የሚኖረው ኢ. ኮላይም በተመሳሳይ መጠን ቢመታ ክሩ የሚበጠስበት ቦታ ያንኑ ያህል ነው። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው፤ አንዱ ይሞታል፣ ሌላው ይሰፋል።

እዚህ ላይ ብናቆም ያምር ነበር፤ ግን አንድ ጉድለት አለ። ኢ. ኮላይም ሲያድግ ብዙ ቅጂ ይይዛል፤ የመጠገኛ ኢንዛይሞችም አሉት። ታዲያ ለምን አልዳነም? ማይክል ዴሊ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ትኩረቱን ከብራናው ወደ ጸሐፊው አዞረ። እስከዚያ ድረስ ጨረር የሚገድለው ዲኤንኤን በመበጠስ ነው ይባል ነበር። ዴሊ ግን ጨረሩ የሕዋሱን ውሃ ሲመታ የሚፈጠሩት ተናካሽ ሞለኪውሎች ፕሮቲኖችን እንደሚያቃጥሉ አሳየ። ጠጋኝ ኢንዛይሞቹ ራሳቸው ፕሮቲን ናቸው። የጸሐፊው እጅ ከተቃጠለ አሥር ቅጂ ቢደረደር ምን ይጠቅማል?

ዲኖኮከስ እጁን የሚጠብቀው ማንጋኒዝ በሚባል ማዕድን ነው። በ2004 ዴሊና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ ጨረር የሚችሉት ባክቴሪያዎች ውስጣቸው ማንጋኒዝ የበዛ፣ ብረት ያነሰ ነው። ጨረር የማይችሉት ደግሞ በተቃራኒው ብረት የበዛባቸው ናቸው። ሸዋኔላ የተባለው ባክቴሪያ ብረቱ ብዙ ነው፤ 70 ግሬይ ላይ ከአሥሩ ዘጠኙ ይሞታል፤ ከቆላ ዝንቡ ጨረር እንኳ ያነሰ መሆኑ ነው። ብረት ተናካሾቹን ሞለኪውሎች ያባዛል፤ ማንጋኒዝ ከፎስፌትና ከፕሮቲን ቁርጥራጮች ጋር ተጣምሮ ያረግባቸዋል። ነገሩ ወረቀት ላይ አልቀረም፤ በ2012 ይኸው ቡድን የማንጋኒዙን ውህድ ክትባት ለመሥራት ሞክሮታል። ጨረር የጀርሙን ዲኤንኤ ሲያወድም፣ ሰውነታችን ጀርሙን የሚለይበት የፕሮቲን መልክ ግን ሳይበላሽ እንዲቀር ነው። እኔን ከዚህ ሁሉ ምርምር በጣም የማረከኝ ይህ ነው፤ ከቅጂው ብዛት ይልቅ የጠጋኙ ጤና ይበልጣል የሚለው።

(አጭር ሙዚቃ)

ከሁሉም የበረታውን ሳላነሳ ብቀር ትቀየሙኛላችሁ። በሜክሲኮ የካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ፣ ጓይማስ በሚባል ቦታ፣ ባሕሩ እጅግ ጥልቅ በሆነበት ወለል ላይ ከምድር ሆድ የፈላ ውሃ የሚተፉ ጭስ ማውጫ የመሰሉ ድንጋዮች አሉ። በ2003 ከዚያ የተገኘው ቴርሞኮከስ ጋማቶለራንስ 88 ዲግሪ ላይ ነው የሚመቸው። ውሃ እንኳ አዲስ አበባ ላይ ወደ 92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ አስቡ። ተመራማሪዎቹ ናሙናውን 30,000 ግሬይ መቱት፤ የተረፈውን አራቡ። የሐኪም ጓንትና መርፌ ከጀርም የሚጸዳው በ25,000 ነው። እርማት ይሁንና ይህኛው ባክቴሪያ አይደለም፤ አርኬያ ከሚባለው ሌላ ወገን ነው። የድርቀቱ ማብራሪያም ለሱ አይሠራም፤ ከባሕር በታች ማን ይደርቃል? እዚያ ተመራማሪዎች የሚጠረጥሩት ሙቀቱንና ከምድር የሚወጡትን መርዛማ ማዕድናት ነው።

«ዳሎልስ?» የሚል አይጠፋም። አፋር ውስጥ ከባሕር ወለል በታች የሚገኘው ዳሎል ሙቀቱ፣ ጨውና አሲዱ አንድ ላይ ተደራርበው የመጡበት ነው። በ2019 ሎፔዝ ጋርሲያ የምትመራው ቡድን እጅግ አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎች ውስጥ ሕይወት አላገኘንም አለ። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን ጥቃቅን ፍጥረታት አይተናል ብሎ ነበር። እኔ ወደ መጀመሪያዎቹ አደላለሁ፤ ለምሳሌ የማግኒዚየም ጨው የበዛበት ውሃ ፈሳሽ ቢሆንም ለሕዋስ ሞለኪውሎች ጠንቅ ነው። 30,000 ግሬይ የሚችል ፍጡር ባለበት ዓለም ሕይወት ጥግ አላት መባሉ ደስ አይልም፤ ግን አላት።

የጂኦተርማሊስ ሙቀት ወዳድነት ለሥራ የተፈለገበትን ልንገራችሁና ላብቃ። በዋሽንግተን ግዛት ሃንፎርድ በተባለ ቦታ አሜሪካኖች ለኒውክሌር ቦምብ ፕሉቶኒየም ሲያመርቱ የተረፈው ዝቃጭ በ177 የመሬት ውስጥ ታንከሮች ተከማችቶ ይገኛል። ጨረር አለው፤ እንደ ሜርኩሪ ያሉ መርዛማ ብረቶች የተቀላቀሉባቸው ቆሻሻዎችም አሉ። ራዲዮአክቲቭ ነገር ደግሞ ራሱን በራሱ ያሞቃል። ራዲዮዱራንስ ጨረሩን ቢችልም ሙቀቱን አይችልም። ስለዚህ የዴሊ ቡድን በ2003 ጂኦተርማሊስን ወሰደና ሜርኩሪን የሚለውጥ ዘረመል ከኢ. ኮላይ አውጥቶ ሰጠው። ባክቴሪያው 50 ዲግሪና ከዚያ በላይ በሆነ ሙቀት፣ በየሰዓቱ 50 ግሬይ እየወረደበት አደገ። በዚያ መጠን ሰው ስድስት ደቂቃ ቢቆም ገዳዩን 5 ግሬይ ያገኛል።

ይኸው ጂኦተርማሊስ በአንድ ሌላ ቦታም ስሙ ይነሳል፤ በፊንላንድ የወረቀት ፋብሪካ። የወረቀት ማሽን ሞቃትና እርጥብ ነው፤ ልክ እንደ ፍል ውሃ ዳር። እዚያ ብረቱ ላይ ሮዝ ዝልግልግ ነገር ሆኖ ይጣበቃል። ተቆርሶ ወረቀቱ ላይ ሲወድቅ ነጠብጣብ ይጥላል። የፋብሪካው ሠራተኞች ስለ 10,000 ግሬይ አይጨነቁም፤ የሚያስቸግራቸው ታጥቦ ቶሎ የማይለቅ እድፍ መሆኑ ነው።

ለዛሬ ይኸው ነው። 

(የመዝጊያ ሙዚቃ)